ምዕራፍ አምስት፦ ስለ ዕረፍትና ስለ ጨዋታ

እንግሊዞች ሰው ከሥራው ተመልሶ ድካሙን የሚያራግፍበትን፥ ልቡናውን የሚያፍታታበትንና ደስ የሚሰኝበትን ነገር ሁሉ «ሪክሪዬሽን» በሚል አንድ ስም ይጠሩታል። ስሙ ከላቲን ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን ጥንተ ነገሩ «እንደገና መፍጠር፥ ማደስ» ማለት ነው፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማለቂያ ግድም በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ በገባ ጊዜም ይነገር የነበረው ከደዌው ስላገገመ ሕሙምና በመብል ስለ በረታ ድኩም ነበር። ዘመን በዘመን ላይ ሲደራረብ ግን ትርጓሜው ከሕሙሙ አልጋ ተነሥቶ ወደ ኳሱ ሜዳ፥ ወደ ሙዚቃው አዳራሽና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደ፤ በመጨረሻም የሚሸጥና የሚገዛ ነገር ሆነ፤ እኛም «መዝናኛ» ብለን ተቀበልነው።

ከዚህ የሚቀድም ሌላ ምስክር ደግሞ ከጽርዕ አገር ይመጣል። ጽርዓውያን የዕረፍትን ጊዜ «ስኮሌ» ይሉት ነበር፤ የአውሮፓ ሕዝቦችም የትምህርት ቤታቸውን ስም ያወጡት ከዚሁ ነው። አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ሰው የሚደክመው ዕረፍትን ሊያገኝ እንደ ሆነ ሲያስተምር፥ ዕረፍት ያለውን ሰው ሥራ ፈት ብሎ አልናቀውም፤ ጥበብና ወዳጅነት የሚበቅሉት በዚያ ጊዜ መሆኑን ያውቅ ነበርና።

በዚህ ምዕራፍ የምናስረዳው፥ ሰውን በእውነት የሚያድሰው ዕረፍት የራሱ ዕለት፥ የራሱ ሥርዓትና የራሱ ጉባኤ ያለው መሆኑን ነው። ዕለት ሳይወሰንለት፥ ሥርዓት ሳይሠራለትና ሰው ሳይሰበሰብበት የሚያልፍ የደስታ ሰዓት ድካምን ለጥቂት ጊዜ ቢያስረሳም ሰውን አያድስም። ማስረጃውንም ከደቡብ ጎንደር ደጋ፥ ከአንበሳሜና ከደብረ ታቦር አካባቢ እንወስዳለን። አንበሳሜ የደራ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ በስተ ምዕራቧ ጣና ይገኛል፥ በስተ ምሥራቅ ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፥ ጉማራም ከዚያው ከጉና ተነሥቶ ደራንና ፎገራን እያጠጣ ወደ ጣና ይገባል። በዚህ አገር የሚኖረው ገበሬ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ በጭቃና በፀሐይ የሚደክም ስለ ሆነ፥ ዕረፍት ምን እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቅ እርሱ ነው።

የዕረፍት ዕለት

ለዕረፍት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዕለት ነው፤ ዕለት ያልተለየለት ዕረፍት ሥራ በበዛ ቁጥር ወደ ነገ ይገፋል፥ ነገም ደግሞ የራሱን ሥራ ይዞ ይመጣል። በአገራችን ይህን ዕለት የለየችው ቤተ ክርስቲያን ናት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ ደብረ ምጥማቅ ላይ በተደረገው ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበትም ከእሑድ ጋር እንድትከበር ሲወሰን፥ ነገሩ በሊቃውንት ዘንድ የሃይማኖት ክርክር ቢሆንም ለባላገሩ ግን በየሳምንቱ በሬው ከቀንበር የሚፈታበት ዕለት የጸና መሆኑን የሚያረጋግጥ ነበር። በእነዚህ ላይ በወር በወሩ የሚውሉት በዓላት ይጨመራሉ፦ በ12 ሚካኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ23 ጊዮርጊስ፥ በ27 መድኃኔ ዓለም፥ በ29 በዓለ ወልድ፤ እያንዳንዱም ደብር በስሙ የተተከለለትን ታቦት ከሁሉ አብልጦ ያከብራል።

የልማት አዋቂዎች በዓላቱ በዝተው የእርሻውን ሥራ ያዘገያሉ ብለው የሚያቀርቡት ወቀሳ ሊሰማ የሚገባው ነው፤ ዝናብ በሚያስቸኩልበት በሐምሌ፥ እህል በሚረግፍበት በኅዳር አንድ ቀን የሚያመጣውን ጉዳት ገበሬው ራሱ ያውቀዋል። ነገር ግን በዓሉን በቅርብ የተመለከተ ሰው ዕለቱ በከንቱ እንደማያልፍ ይረዳል። ሞፈር በማይያዝበት በዚያ ቀን የተጣሉ ጎረቤቶች በዛፍ ጥላ ሥር በሽማግሌ ይታረቃሉ፥ የታመመ ይጠየቃል፥ ኀዘንተኛ ይጽናናል፥ ልጅ ለልጅ ይታጫል፥ የውኃው ተራና የግጦሹ ወሰን ይመከርበታል። በበዓል ቀን የሚፈጸመው ይህ ሁሉ ሌላ ቀን ሊሠራ የማይችል የአገር ሥራ ነው፤ የበዓላቱን ቍጥር ልንመረምር እንችል ይሆናል፥ ዕለቱን ጨርሶ የነሣነው ሕዝብ ግን ከበሬው ጋር አብሮ የተጠመደ ሆኖ ይቀራል።

የሜዳ ጨዋታ

ዕለት ከተገኘ በኋላ ሥርዓት ይከተላል፤ ይህም ከምንም ይልቅ በሜዳ ጨዋታ ይታያል። መኸር ተሰብስቦ እህሉ ወደ ጎተራ በሚገባበት ወቅት፥ ታኅሣሥ 29 ቀን የልደት በዓል ሲውል፥ የላይና የታች መንደር ጎልማሶች ጫፉ የቈለመመ ዱላ ይዘው የገናን ጨዋታ ለመጫወት፥ ሩሯን ለመለጋት ወደ ሜዳ ይወጣሉ። የዚህ ጨዋታ ትልቁ ቁም ነገር ማዕርግን ለአንድ ቀን ማሳረፉ ነው፤ በድሮው ዘመን ጌታው ከአሽከሩ፥ ባለ ርስቱ ከጭሰኛው ጋር በአንድ ሜዳ ሲጋፋ፥ ዱላ ያገኘው ሰው ሹም ቢሆን እንኳ እንዳይቆጣ ሕዝቡ በምሳሌያዊ አነጋገሩ ደንግጎ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ተገዥ ሆኖ የኖረ ሰው ገዥውን በአደባባይ ሮጦ የሚቀድምበት አንድ ቀን እንዲኖረው መደረጉ፥ አባቶቻችን ጨዋታ ለሰላም ያለውን ጥቅም ምን ያህል እንደ ተረዱት ያሳያል።

ከዚያም ጥር ይገባል፤ ጥር ለደጋው ሰው የሠርግ፥ የጥምቀትና የፈረስ ወር ነው። ጥምቀት በ11፥ ቃና ዘገሊላ በ12 ተከብሮ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ከተመለሱ በኋላ፥ በደብረ ታቦር ደግሞ ጥር 25 ቀን የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ይደርሳል። ሰማዕቱ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ የሚታይ ስለ ሆነ በዓሉም የፈረሰኛ በዓል ነው፤ ከየወረዳው የሚመጡ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን ሸልመው፥ ሁለት ወገን ሆነው ጉግስ ይጫወታሉ። አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፥ ተሳዳጁ በጋሻው ይመክታል፥ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተኝቶ ያሳልፋል፤ ከዚያም ተራው ተገላብጦ ያሳደደው ይሳደዳል። ጉግስ በጥንቱ ዘመን የጦርነት ልምምድ ነበር፤ ጦሩ በጎራዴና በፈረስ መሆኑ ካበቃ በኋላ ግን ልምምዱ ጠላት የሌለበት፥ ደም የማይፈስበት ክብር ሆኖ ቀረ። ለጦር የተፈጠረውን ኃይል ወደ ጨዋታ መልሶ ማሳደር የአንድ ሕዝብ የሥልጣኔ ምልክት ነው።

ሕፃናቱም ድርሻቸው አልተነፈጋቸውም። ነሐሴ 13 ቀን ጌታችን በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት በዓል ነው፤ የከተማይቱም ስም የዚያው ተራራ ስም ነውና በዓሉ በደብረ ታቦር ምድር ልዩ መወደድ አለው። የክረምቱ ጨለማ መግፈፍ በሚጀምርበት በዚያ ሰሞን እረኞች የገመዱትን ጅራፍ ያጮኻሉ፤ መምህራኑ ድምፁን በተራራው ላይ በተሰማው የአብ ድምፅ፥ ማታ የሚበራውንም ችቦ በብርሃኑ ይተረጕሙታል። ልጆቹ በየደጁ እየዞሩ ሲጨፍሩ እናቶች ሙልሙል ይሰጧቸዋል፤ ልጁም ሳያውቀው በአንድ ሌሊት ሃይማኖቱን፥ ዜማውንና የጎረቤቱን ደጅ ሁሉ ይማራል።

የአእምሮ ጨዋታ

ለአካል ሜዳ እንዳለው ለአእምሮም ሰሌዳ አለው። ገበጣ ለመጫወት ብዙ ሀብት አያስፈልግም፤ እረኛው በመሬት ላይ ጕድጓድ ቆፍሮ፥ ጠጠር ለቅሞ፥ ከብቶቹ እስኪጠግቡ ድረስ ሲቈጥርና ሲያሰላ ይውላል። በቃል ብቻ የሚወረስ ጨዋታ ሆኖ ሳለ ምን ያህል የረቀቀ እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን ገበጣና መሰል ጨዋታዎች ሲመዘግቡ ከመቶ የሚበልጡ ዓይነቶች ማግኘታቸውን ማስታወስ ይበቃል። አንዱ መንደር በሁለት ረድፍ፥ ሌላው በሦስት ረድፍ ሲጫወት፥ የእያንዳንዱ አገር ሕግ የዚያ አገር ሰው አሳብ ፍሬ ነው።

በመኳንንቱ ቤት የነገሠው ግን ሰንጠረዥ ነበር። በ1845 ዓ.ም በአይሻል ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ድል እስከ ሆኑ ድረስ ራስ ዓሊ ደብረ ታቦርን መናገሻ አድርገው ሲኖሩ፥ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ዋልተር ፕላውደን በግቢያቸው ተመላልሰዋል፤ ከሞቱም በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው የአገሩን ሰንጠረዥ አጨዋወት ገልጸው ጽፈዋል። በእኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ክፍል አለ፤ ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ፥ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ እንደ ፈቀዱ ሠራዊታቸውን ያሰማራሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አንድ በአንድ ይጫወታሉ። ማሸነፍ ብቻውንም አይበቃም ነበር፤ ንጉሡን በኃያሉ ከመማረክ ይልቅ በደካማው እግረኛ መማረክ የሚያስመሰግን ነበርና፥ ጨዋታው ድልን ብቻ ሳይሆን የድልን ማማር ያስተምር ነበር። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥን የሚጫወቱ፥ በገናን የሚደረድሩ፥ ግጥምን የሚገጥሙ እንደ ነበሩ በታሪካቸው ተጽፏል፤ በዐድዋ ዘመን ምክራቸው የተሰማ ንግሥት በእነዚህ ጨዋታዎች ልቡናቸውን መሳላቸው የሚገባ ነበር።

ስለ አእምሮ ጨዋታ ሲነገር ከሁሉ በላይ የሚነሣው ግን የዚሁ አገር ልጅ፥ የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በናበጋ ጊዮርጊስ ተወልደው፥ በጎንደር መምህርና ሊቀ ካህናት ሆነው፥ ኋላም በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የኖሩት እኒህ ሊቅ፥ ሕዝቡ ሁሉ የሚያውቃቸው በጨዋታ አዋቂነታቸው ነው። ሆኖም ቀልዳቸው የመነጨው ከቅኔ ቤት መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ በሰም ውስጥ ወርቅን መሰወር ለዓመታት የተማረ አንደበት ስለ ነበራቸው ነው ሹሙን ሳይሰድቡ መገሠጽ፥ ድኃውንም ሳያዋርዱ ማሳቅ የቻሉት። ከቀልዳቸው የሚበልጠው ሥራቸው ደግሞ የዝማሜ ስልታቸው ነው። በጣና ዳር ያለው ደንገል በነፋስና በማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አይተው፥ መቋሚያ ይዞ የሚዘምመው ካህን ወደ ጎን እያዘነበለ እንዲያሸበሽብ ሥርዓት እንዳወጡ ይተረካል፤ የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት ባይቀበሉት ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተምረውት «ተክሌ» የሚባለው አቋቋም እስከ ዛሬ ይኖራል። በውኃ ዳር ተቀምጦ የደንገልን ውዝዋዜ የተመለከተ ሰው ሥራ ፈቶ የነበረ ይመስላል፤ ከዚያ ዕረፍት የተወለደው ግን ማኅሌትን ያስጌጠ ሥርዓት ሆነ። «እንደገና መፍጠር» የሚለው ጥንታዊ ትርጓሜ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

የጉባኤው ነገር

ዕለትና ሥርዓት ካሉ በኋላ ሦስተኛው ነገር ጉባኤ ነው። ብቻውን የሚስቅ ሰው በደጋው አገር ያስፈራል እንጂ አያስደስትም። በወር በወሩ በአባላቱ ቤት እየተዞረ የሚጠጣው የጽዋ ማኅበር በሙሴው እየተመራ ጸሎት ደርሶ፥ ዳቦው ተቈርሶ፥ ጠላው ተቀድቶ ጨዋታው ይቀጥላል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የሚቀርበው ሰንበቴም ድኃውንና መንገደኛውን ሳይቀር ያስቀምጣል። ሥራም ቢሆን ከጨዋታ አልተለየም፤ ለአጨዳና ለአረም ደቦ ሲጠራ፥ አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ በዜማ ስለሚሠራ፥ ለአንድ ቤተ ሰብ ሳምንት የሚፈጀው እርሻ በአንድ ቀን ያልቃል፥ ድካሙም እምብዛም አይታወቅም። ማታ በእሳት ዳር አያት ለልጅ ልጆቿ ተረት ስትነግርና እንቆቅልሽ ስትጠይቅ፥ ያላወቀው ልጅ አገር ሰጥቶ ይገላገላል።

እዚህ ላይ ግን በሙሉ ልብ ልንናገረው የሚገባ አንድ እውነት አለ። ለወንዱ በዓል የሆነው ዕለት ለሴቲቱ ብዙ ጊዜ ከሥራ ቀን የከበደ ሥራ ነው፤ ጠላውን የምትጠምቅ፥ እንጀራውን የምትጋግር፥ ወጡን የምትሠራ፥ እንግዳውን የምታስተናግድ እርሷ ናትና። እውነት ነው፥ ሴቶችም የማርያም ማኅበራቸው፥ የቡና ላይ ጨዋታቸው አላቸው፤ ነገር ግን በሌላው ድካም ላይ የተቀመጠ ዕረፍት ግማሽ ዕረፍት ነው። ሰንበት ለበሬውና ለአህያው እንኳ ዕረፍት ሆኖ የተሠራ ሕግ ከሆነ፥ የቤቲቱን እመቤት ሊዘልላት አይገባም።

ቡናን ካነሣን ዘንድ፥ ለአዲስ ነገር የሚበጅ ትምህርት ከእርሱ እናገኛለን። ዛሬ አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ ጎረቤት የሚጠራራበት ቡና እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም በክርስቲያኑ ደጋ ዘንድ ይሸሽ የነበረ መጠጥ ነው። በኋላ ሲገባ ግን ሕዝቡ ሰዓት ለየለት፥ ሥርዓት ሠራለት፥ ጉባኤ ሰበሰበበት፤ ስለዚህም ባዕድነቱ ተረስቶ የአገር ልማድ ሆነ። አዲስ መዝናኛ በመጣ ቍጥር መጠየቅ ያለብን ከየት መጣ ብለን ሳይሆን፥ ሰውን ከሰው ያገናኛል ወይስ ይለያያል ብለን ነው።

የዘመናችን መዝናኛ

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ዛሬ በትንንሽ ከተሞቻችን የሚታየው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወጣቶች በቆርኪ የሚጫወቱት ዳማ፥ በመንገድ ዳር ቆመው የሚገፉት ጆተኒ፥ በበረንዳ ላይ ያለው ከረንቦላ፥ በአቧራ ሜዳ የሚሯሯጡበት እግር ኳስ፥ ከባሕር ማዶ ቢመጡም ሰው ይሰበስባሉ፥ ሕግ ያስከብራሉ፥ ተሸናፊውን ታጋሽነት ያስተምራሉ፤ እነዚህን እንደ ቡናው ልናሳድጋቸው ይገባል። የስፖርት ውርርዱ ግን ከዚህ ይለያል፤ ጨዋታውን ለጨዋታነቱ መውደድን አጥፍቶ የወጣቱን ልብ በኪሱ ያስራል። እያንዳንዱ በየጥጉ ተቀምጦ ሌሊቱን የሚፈጅበት ስልክም ጉባኤ የሌለው፥ ማብቂያ ሰዓት ያልተቈረጠለት ስለ ሆነ፥ ጠዋት ሲነሡ ከማታው ይበልጥ ደክሞ መገኘትን ያመጣል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከእኛ ቀድሟል። የተባበሩት መንግሥታት ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም ያወጁት የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በ24ኛው አንቀጽ ለሰው ሁሉ የዕረፍትና የመዝናናት መብት ሰጥቷል፤ በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በ42ኛው አንቀጽ ለሠራተኛው ይህንኑ አረጋግጧል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም የሥራውን ጊዜ በቀን 8፥ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ወስኖ ሳምንታዊ ዕረፍት እንዲሰጥ አዟል። አዋጅ ግን ሰዓቱን ነጻ ሊያወጣ ይችላል እንጂ ሰዓቱን ምን እንደምናደርግበት ሊያዝዝ አይችልም፤ ይህ የወላጅ፥ የመምህርና የአገር ሽማግሌ ሥራ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ምዕራፍ የምንለምንህ ጥቂት ነገር ነው። በቀበሌህ ገና የሚመታበትና ፈረስ የሚጋልብበት ሜዳ ካለ፥ ታጥሮ ቤት እንዳይሠራበት ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነህ ተሟገት፤ ሜዳ አንድ ጊዜ ከሄደ አይመለስምና። መምህር ብትሆን ገበጣንና ሰንጠረዥን ለተማሪዎችህ አስተምር፤ ሒሳብንና ትዕግሥትን አብረው ይማሩበታል። የቤት አባወራ ብትሆን በሚመጣው በዓል ውኃውን ቀድተህ፥ እንጨቱን ፈልጠህ፥ እንግዳውን አስተናግደህ ሚስትህም ከማኅበርተኞቿ ጋር እንድትቀመጥ አድርግ። ለልጆችህም ከሳምንቱ አንዱን ማታ ለይተህ ተረት ንገራቸው፤ በአደጉ ጊዜ ለልጆቻቸው የሚነግሩት እንዳያጡ።